ሰቆጣን ለማየት ላሰበ ጓደኛ

የሰቆጣ ልጆች በዚህ ግቢ ብዙ አይደለንም፤ ብንሰበሰብ የምግብ አዳራሹን አንድ ጠረጴዛ ብንሞላ ነው። ሆኖም አገራችንን በጠራን ቁጥር የሚመጣልን መልስ አንድ ዓይነት ነው። ሰሚው ፊቱን ያከብድና «አይ፣ ረሃብ ያለበት አይደል?» ይለናል። ጠያቂው የጤና ተማሪ የሆነ እንደሆነ ደግሞ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን!» ብሎ እንደ ፈተና መልስ ይጨምርልናል። አገራችን ለሰው ሁሉ ወይ ሐዘን ናት፣ ወይ ሰነድ። ታዲያ «እስቲ አንድ ጊዜ ከእናንተ ጋር እንሂድ» የሚሉ ጓደኞች ስላሉን፣ ለእነሱም ለሌላውም ይሆን ዘንድ ይህችን የመንገድ ምክር ጻፍን። እንግዳ የሚሆን ሰው የሚገባበትን ቤት አስቀድሞ ማወቅ አለበት እኮ!

መጀመሪያ መንገዱ። ከአዲስ አበባ የተነሳ ሰው እስከ ወልድያ ሰፊውን የአስፋልት ጎዳና ይዞ ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ በላሊበላና በብልብላ በኩል ወደ ሰሜን መውጣት፣ ወይ በቆቦና በአላማጣ አልፎ፣ የግራ ካሱን ጠመዝማዛ ተጎትቶ ኮረም ከደረሱ በኋላ ወደ ዋግ መታጠፍ። በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረው ጦርነት ወዲህ፣ ከዚያም በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ከተነሳው ግጭት ወዲህ፣ ዛሬ የተከፈተ መንገድ ነገ ሲዘጋ አይተናል። ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት እዚያው ላለ ሰው ደውሉ፤ ወልድያ ስትደርሱም መናኸሪያ ገብታችሁ ሾፌሮቹን ጠይቁ። ሾፌር የማያውቀውን መንገድ ካርታም አያውቀውም።

በላሊበላ በኩል ለሚመጣ አንድ ቅሬታ አለን። ከባሕር ማዶ ድረስ የመጣው ቱሪስት ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን አይቶ፣ ፎቶውን አንስቶ፣ ከዚያው ይመለሳል። ያን ሁሉ ዓለት ያስጠረቡት የዛግዌ ነገሥታት አገዎች እንደነበሩ አስጎብኚው ሳይነግረው አይቀርም። የእነዚያ ነገሥታት ዘር የቀረበት አገር ግን ትንሽ ወደ ሰሜን ፈቀቅ ብሎ እንዳለ የሚነግረው የለም። የኛ አገር ልጅ ሳይቀር ላሊበላ ደርሶ «ጨረስኩ» ይላል። አልጨረስክም፤ ገና ደጁ ላይ ነህ!

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ማታ ብርዱ ይጨክናል፤ ስለዚህ ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ያዙ። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ባጃጅ አለ፣ ግን በእግር ብትሄዱ ይሻላል። ስትሄዱ ደግሞ ሰላምታ አትለፉ። አዲስ አበባ ሰው ሰውን ገፍቶ ያልፋል፤ እኛ ዘንድ ሳይሳለም ያለፈ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል። ሽማግሌ ካጋጠማችሁ ነጠላችሁን አስተካክላችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ «እንደምን አደሩ አባቴ» በሉ። የማን ልጅ እንደሆናችሁ፣ ከየት እንደመጣችሁ፣ እናታችሁ በሕይወት መኖሯን ይጠይቋችኋል። ምርመራ እንዳይመስላችሁ፤ እናንተን የሚያስቀምጡበት ቦታ እየፈለጉላችሁ ነው።

ጆሯችሁን ክፈቱ። ገበያ ውስጥ አማርኛው ድንገት ተለውጦ «ኽ» ከጉሮሮ ስትወጣ ከሰማችሁ፣ ያ ኽምጣጛ ነው፤ የኽምራ አገው ቋንቋ። የአዊኛ፣ የቅማንትኛና የኤርትራው የብሌን ወንድም ነው። የቋንቋ ትምህርት ክፍል ጓደኞቻችን እንደሚያውቁት፣ አማርኛ ራሱ ከአገው ቋንቋዎች ብዙ ተበድሯል። ይሁን እንጂ ከኛ መካከል አያቱ ሲናገሩ እየሰማ የሚመልሰው በአማርኛ የሆነ ጥቂት አይደለም። ዛሬ በዋግ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቋንቋው ይሰጣል፤ ተስፋችን ከዚያ ነው። እናንተም አንዲት ቃል ተምራችሁ ብትመለሱ፣ ከምታመጡት ስጦታ ሁሉ እሷ ትበልጣለች።

ገበያውን ስታዩ የቆመበትን ዕድሜ አስቡት። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር የተቆረጠው አሞሌ ጨው ወደ ላስታና ወደ በጌምድር ሲሻገር ከሚያርፍባቸው ትልልቅ ገበያዎች አንዷ ሰቆጣ ነበረች። ዛሬ የምትገዙት ማር ነው። የዋግ ነጭ ማር! ነጋዴው በጣታችሁ ሳያስቀምሳችሁ አይሸጥላችሁም፤ እናንተም ሳትከራከሩ አትግዙ፣ ያለ ክርክር የገዛ ሰው እንደ ሞኝ ይቆጠራል። ሥጋ ለሚበላ የአበርገሌ ፍየል አለ። ከማሽላ የተጋገረ እንጀራ ቢቀርብላችሁ ፊታችሁን አታጥቁሩ፤ ዝናብ ሲያጥር ጸንቶ የሚያበላን እሱ ነው።

ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ አለ። ፊቱ ተጠርቦ ያጌጠ፣ ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ውስጡ የዋግ ሹሞች ናቸው የሚባሉ የደረቁ አስከሬኖች በሣጥን ተቀምጠዋል። ካህናቱን ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሡ፤ እዚያ ያሉት የሰው አባቶች ናቸው።

የዋግ ሹም ነገር ከተነሣ፣ ታሪክ ተማሪ ይፍረደን። በ1262 ዓ.ም. ሥልጣን ከዛግዌ ወደ ይኩኖ አምላክ ሲዛወር፣ እንደ ትውፊቱ ዋግ ለቀድሞው ቤት ዘር ተተወ፤ ገዢውም በብር ዙፋን የመቀመጥና ነጋሪት የማስመታት ክብር ነበረው። ዋግ ሹም ጎበዜ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠው፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ በሆኑት በካሣ ምርጫ ተሸንፈዋል። ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ደግሞ ለጣልያን አልገዛም ብለው በዋግና በላስታ ሕዝቡን አስነሡ፤ በ1930 ዓ.ም. መግቢያ ተገድለው የተቆረጠ ራሳቸው ለማስፈራሪያ አደባባይ ታየ። ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ለጉራ አይደለም (ትንሽ ጉራም ቢኖርበት ምን ይደረግ!)። ስማችን ከ1977 ዓ.ም. በፊት የነበረ መሆኑን ለማስታወስ ነው።

«ባሕር የላችሁም» ለምትሉን ደግሞ መልስ አግኝተናል። በ2001 ዓ.ም. የተከዜ ግድብ ሲጠናቀቅ፣ 188 ሜትር ከፍታ ካለው ግንብ ጀርባ የተኛው ውሃ በዋግ ቆላዎች ዳር ደርሷል። ፍየል ጠባቂ የነበረ ወጣት መረብ መጣል ተማረ፤ ቆሮሶና አምባዛ የምንበላ ደገኞች ሆንን። ሽማግሌዎቻችን ግን ዓሣውን አሁንም በጥርጣሬ ነው የሚያዩት። ቆላ ስትወርዱ ሙቀቱ ጭንቅላት ይመታልና ውሃ በብዛት ያዙ።

መቼ እንምጣ ካላችሁን፣ ነሐሴ 16። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ሻደይ ይጀምራል፤ እስከ 21 ይዘልቃል። ላሊበላ አሸንድዬ፣ ቆቦ ሶለል የሚሉት ነው። ሻደይ የሣሩ ስም ነው፤ ልጃገረዶች ወገባቸው ላይ አስረው፣ ተኳኩለው፣ ከበሮ ይዘው ከቤት ቤት እየዞሩ ይጨፍራሉ። ዓመቱን ሙሉ ውሃ ስትቀዳና እንጨት ስትለቅም የከረመች ልጅ በእነዚያ ቀናት አደባባዩ የሷ ነው። ወንዶች ጓደኞቻችን ይህን ልብ በሉ፤ ዳር ቆማችሁ እዩ፣ ሲጨፈርላችሁም እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ ላኩ።

አሁን ወደማናመልጠው ነገር። እንግዳ ሲመጣ ጓዳን መደበቅ ልማድ ነው፤ እኛም ረሃቡን ልንደብቅላችሁ እንችል ነበር። ግን ውሸት ይሆናል። በ1977 ዓ.ም. የዋግ ሰው ልጁን አዝሎ በእግሩ ኮረም ድረስ ተጉዟል፤ የቢቢሲ ካሜራ በዚያ ዓመት ጥቅምት ለዓለም ካሳየው ሕዝብ መካከል የኛ ሰዎች ነበሩበት። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. አጠፋለሁ ብሎ የገባው ቃል በስማችን የተጠራው ከዚያ የተነሣ ነው። ጦርነቱም በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ከተማችን ገባ፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ወገኖች በሰቆጣና በዙሪያዋ ለዓመታት ተጠልለዋል።

ስለዚህ ካሜራ ይዞ የከሳ ልጅ ለሚፈልግ ምክር የለንም፤ ከሳውን ልጅ ያገኘዋል፣ እኛን ግን አያገኘንም። ምግብ ባጠረበት ዓመት እንኳ አንዲት እናት እንግዳ ሲገባባት እሳት ትጭራለች፣ ቡናዋን ትቆላለች። ሲቀርብላችሁ «አይ፣ እናንተ ጠጡት፣ ችግር ላይ ናችሁ» አትበሉ። እንደዚያ ያላችሁ ቀን ከባለቤትነት አውርዳችሁ ተረጂ አደረጋችኋት። ጠጡ፣ መርቁ፣ ሁለተኛውንም ጠብቁ። ልትረዱ ከፈለጋችሁ ማሯን በዋጋው ግዙ፤ ተመልሳችሁም ያያችሁትን ሁሉ ተናገሩ፣ ድርቁንም ጭፈራውንም።

ሐሳቡ ያላችሁ ከሰኔ ፈተና በፊት ንገሩን። ማደሪያ አይታሰብ፤ የእናቶቻችን ቤት አለ። የሚያስፈልገው ጋቢ፣ ጠንካራ ጫማና የመንገዱን ወሬ መከታተል ነው።