እናቴ ያልበላችው ዓሣ

አዲስ የገባችሁ ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ዓሣ ወጥና ስለ እናቴ ነው።

እኛ የመጣነው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ነው። በዚያን ጊዜ ብዙዎቻችን ያረፍነው በሆቴል ነበር። ምግቡ በሰዓቱ ይቀርባል፤ ምድጃ ግን የለንም። ጎንደር ሳለች ቤት ሙሉ ሰው ታበላ የነበረችው እናቴ፣ እዚህ ሳህን ይዛ ተራ የምትጠብቅ ሆነች።

አንድ ቀን ዓሣ ቀረበ፤ ቆዳው የተገፈፈ፣ አጥንቱ የወጣለት። ካሼር ነው ብንላትም «ክንፉንና ቅርፊቱን ሳላይ እንዴት እበላለሁ? አምባዛ ቢሆንስ?» ብላ ገፋችው። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው በኦሪት የተከለከለ ነው። ከዚያ ወዲያ ምግቧ ዳቦና ሻይ ብቻ ሆነ፤ ከሳች። እኔም «እማዬ፣ በሰው ፊት አታሳፍሪን» ብዬ ተቆጣኋት። በዚህ ቃሌ እስከ ዛሬ እጸጸታለሁ።

ወደ ካራቫን ስንገባ ወደ ሹክ ይዣት ሄድሁ። ከባለ ዓሣው ፊት አንዱን ሙሉ ዓሣ አነሣችና ከጅራቱ ወደ ራሱ በአውራ ጣቷ ፈተገችው። ቅርፊቱ ተነሣ። «ይህማ ቀረሶ ነው!» አለች። በዕብራይስጥ አምኑን ይባላል፤ በኪኔሬት ባሕርና በዓሣ ኩሬዎች የሚገኝ፣ የጣናው ቀረሶ ዘመድ ነው።

ዓርብ ቀን፣ ሰንበት ሳይገባ፣ እርሷ ምድጃው ፊት ቆመች። አንዱን ኪሎ ዓሣ ቅርፊቱን ፍቃ፣ በሎሚና በጨው አጥባ ቆራረጠችው። አራት ራስ ሽንኩርት አድቅቃ ከትፋ ያለ ዘይት አቁላላች፤ ከዚያ ዘይት፣ ከጎረቤት የተበደርነውን በርበሬ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨመረች። ውሃ ጠብ እያደረገች በርበሬው ጥሬ ጥሬ ማለቱን እስኪተው አበሰለችው። ዓሣው የገባው በመጨረሻ ነው። ማማሰያ ሳነሣ እጄን ያዘችኝና «ዓሣ አይማሰልም፣ ይፈርሳል፤ ድስቱን ነው የሚያወዛውዙት» አለችኝ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደረሰ።

ማታ ከመብላቷ በፊት እኔን አጎረሰችኝ። ይቅርታ ስጠይቃት «ምን ታደርጊ ልጄ፣ አንቺም ጨንቆሽ ነው» አለችኝ።

በኋላ እንደተማርሁት፣ ረቢዎችም ያለ ተቆጣጣሪ የሚሸጥ የተገፈፈ ዓሣ የሚገዛ ሰው ቅርፊት ያለበትን ቆዳ ማየት አለበት ይላሉ። የእናቴ ጥያቄ ትክክል ነበር፤ የሚሰማት ግን አላገኘችም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ አባት ወይም እናት ምግብ ሲገፉ «ግትር ናቸው» ብላችሁ አትለፉ፤ ምክንያታቸውን ጠይቁ። ገበያ ስትሄዱም ይዛችኋቸው ሂዱ፣ ዓሣውን እነርሱ ይምረጡት።

መልካም ሰንበት ይሁንላችሁ።