ዓሣዎቹን ማን ገደላቸው?

ዓሣ ሞተ ተብሎ እጮኝነት ይፈርሳል? «አይ ቀልድ!» እንዳትሉኝ። ሊፈርስ አንድ ሐሙስ የቀረው እጮኝነት በዓይኔ አይቻለሁ። ነገሩ ለወሬ ብቻ የሚሆን ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። ግን በየሳሎኑ አኳሪየም ማስቀመጥ የሚወድ ሰው እየበዛ ነው፤ ለልደት ዓሣ በላስቲክ አስቋጥሮ የሚሄድም አለ። ነገ በእናንተ ቤት ይኸው ጣጣ እንዳይገባ ብዬ ነው።

ልጅቱ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ጨዋ፣ ታታሪ፣ ንጽሕና ነፍሷ የሆነ ልጅ። እጮኛዋ ለልደቷ ባለ መቶ ሊትር አኳሪየም ከስድስት ጎልድፊሾች ጋር ገዝቶ ሰጣት። በሦስተኛው ቀን ሁለቱ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ። በሳምንቱ አንድም አልተረፈም። ልጁ «ምን አለበት» ብሎ ሌላ ስድስት አመጣ። እነሱም አለቁ። ለሦስተኛ ጊዜ አመጣ፤ አሁንም አለቁ።

ይሄን ጊዜ ታላቅ እህቱ ለጥየቃ መጥታ ባዶውን መስታወት አየች። አይታ ዝም ብትል ምን ነበረበት! ከቤት ከወጡ በኋላ ለወንድሟ አንዲት ቃል ጣል አደረገችለት፤ «እጇ የነካው አይበረክትም እኮ። ሾተላይ ቢኖርባትስ?»

ይቺ ቃል ሴት ልጅ ላይ ስትወድቅ ምን ያህል እንደምትከብድ ለእናንተ አይነገርም። ሐኪሞች ምክንያቱን ካወቁት ቆይተዋል፤ የእናት ደም አርኤች ኔጌቲቭ፣ የጽንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን የሚመጣ የደም አለመጣጣም ነው። መከላከያ መርፌው እንኳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1968 ጀምሮ አለ። ቃሉ ግን እስከዛሬ በየቡናው ላይ እንደ እርግማን ይወረወራል። ከዓሣ ጋር ደግሞ ምን አገናኘው? ምንም!

ወሬ ዞሮ ዞሮ ልጅቱ ጆሮ ገባ። ሻይ ሰዓት ላይ ጠጋ ብላ «አንተ ዓሣ ታረባ የለ? እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ እኔ ምን አድርጌያቸው ነው የሚሞቱት?» አለችኝ። ዕንባዋ ከዓይኗ ጠርዝ ላይ ነበር።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ጠንቋይም አይደለሁም። ዓመታት ዓሣ ሳረባ ያጠራቀምኳቸው ጥቂት የውሃ መመርመሪያ ጠብታዎች ግን አሉኝ። ቅዳሜ ዕለት እነሱን ይዤ ወደ አቃቂ አካባቢ ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። እናቷ ቡና እያፈሉ፣ ታናሽ ወንድሟ ጠርሙስ እያቀበለኝ ምርመራው ተጀመረ።

«ውሃውን እንዴት ነው የምትቀይሪው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«በየሦስት ቀኑ እደፋዋለሁ። ጠጠሩንም ፊልተሩንም በቧንቧ ውሃ ፈትጌ አጥባለሁ። ከዚያ ከቧንቧው በቀጥታ እሞላለሁ። አንድ ቀን እንኳ ሰንፌ አላውቅም!»

በሆዴ «ተገኘ!» አልኩ። የቤት ዕቃ እንደዚያ ነው የሚያዘው፤ ዓሣ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ዓሣ ሻጩም ይህን አልነገራት።

የመጀመሪያው ገዳይ ክሎሪን ነው። እኛ በጀርም እንዳንታመም ከቧንቧ ውሃ ጋር ይቀላቀላል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ውሃው ቤታችን ሲደርስ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊግራም ክሎሪን እንዲቀርበት ይመክራል። ለእኛ ጤና የሆነው ይህ መጠን የዓሣን መተንፈሻ ስንጥብ ያቃጥላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧው ተከፍቶ አፍንጫችሁን በረኪና በረኪና ካላችሁ፣ ዓሣው ደግሞ ምን እንደሚለው አስቡት።

ሁለተኛው አሞኒያ ነው። ዓሣ በልቶ የሚያስወጣው ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። ነገር ግን ተፈጥሮ መላ አላት። በፊልተሩ ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ በዓይን የማይታዩ ደግ ባክቴሪያዎች ይሰፍራሉ። አንደኞቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። እሱም መርዝ ነው፤ የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሌሎቹ ደግሞ ናይትራይቱን ብዙ ጉዳት ወደሌለው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ሠራተኞች ተራብተው ሥራቸውን እስኪይዙ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ልጅቱ በየሦስት ቀኑ ፈትጋ ስታጥብና ክሎሪን ስትደፋባቸው፣ ሠራተኞቹ ገና ጎጆ ሳይቀልሱ ይባረራሉ ማለት ነው።

ሦስተኛው የውሃው ጠባይ ነው። የአዲስ አበባ ውሃ አንድ ዓይነት አይደለም። ከለገዳዲና ከገፈርሳ የሚመጣው የግድብ ውሃ ነው። በአቃቂ በኩል ከጉድጓድ የሚሳበው ግን በአለት መሐል ሰንብቶ ማዕድን የተሸከመ ነው። የእሷን ውሃ ስለካው ፒኤች 8፣ አሞኒያው በሊትር 2 ሚሊግራም ወጣ። ፒኤች ከ7 ወደ 8 ሲወጣ በአሞኒያው ውስጥ የመርዛማው ክፍል ድርሻ ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ያው ቆሻሻ ሌላ ሰፈር ዓሣውን ሲያመው፣ እዚህ ይገድለዋል።

ይህን ሁሉ እጮኛው ባለበት እንድደግመው ለመነችኝ። መጣ፤ ተቀመጠ፤ የጠብታውን ቀለም አየ፤ ጆሮው ቀላ። እኔም ከቤቴ ፊልተር ቆርጬ ያመጣሁትን የቆሸሸ የስፖንጅ ቁራጭ ከእሷ ፊልተር ውስጥ ጨመርኩት። አፍንጫዋን ይዛ «ይሄ ነው መድኃኒቱ?» አለች። አዎ፣ ይሄው ነው! የተራቡ ባክቴሪያዎች እንዳያልቁ በየቀኑ ቆንጥር የዓሣ ምግብ ጣል እያደረገች፣ ዓሣ ሳታስገባ አምስት ሳምንት ጠበቀች። አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆን ሁለት ጎልድፊሽ ብቻ ገቡ። ዛሬ ሰባተኛ ወራቸው ነው፤ ወፍረዋል።

እህትየዋ ይቅርታ አልጠየቀችም። ልጁ ግን ጠየቀ። የልጅቱ መልስ ነው እስከዛሬ የሚከነክነኝ፤ «ዓሣዎቹ አሁንም ቢሞቱ ኖሮስ? ያኔ ማንን ታምን ነበር? እኔን ነው እህትህን?» መልስ አጣ። ቀለበቱ አልወለቀም፤ ሠርጉ ግን ለስድስት ወር ተራዝሟል፤ ያራዘመችው እሷ ናት። ፈረደች ወይስ አበዛችው? ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ወደ ውሃችን እንመለስ። ለጀማሪ የምመክረው ይህን ነው። ውሃ በባልዲ ቅዱና አፉን ሳትከድኑ 24 ሰዓት አሳድሩት፤ ክሎሪኑ ወደ አየር ይወጣል። በተዘጋ ጀሪካንና በተከደነ ሮቶ ውስጥ ግን ቶሎ አይወጣም፤ «ሮቶ ውስጥ ሳምንት ቆይቷል» ብላችሁ አትታለሉ። የአየር ፓምፕ ካላችሁ ባልዲው ውስጥ ብትከቱት ያፈጥነዋል። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ዘመዶቻችን ደግሞ ልብ በሉ፤ እዚያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከኅዳር 2000 ጀምሮ በክሎሪን ፋንታ ክሎራሚን ይጨመራል። እሱ ቢያሳድሩት አይወጣም፤ ለእሱ የተሠራ የአኳሪየም ማከሚያ ያስፈልጋል።

ውሃውን በሳምንት አንዴ፣ ከአራት እጅ አንዱን ብቻ ቀይሩ። የምትጨምሩት ውሃ ከአኳሪየሙ ጋር የተቀራረበ ሙቀት ይኑረው። ፊልተሩን ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ ለቅለቅ አድርጉት እንጂ ቧንቧ ሥር አትፈትጉት። ፒኤች ከፍ አለ ብላችሁ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ አትጨምሩ፤ ዝቅ ብሎ ተመልሶ ይወጣል፤ ዓሣን ከፍታው ሳይሆን መዋዠቁ ይገድለዋል። ይልቅ ለውሃችሁ የሚስማማውን ዓሣ ምረጡ። ማዕድን የበዛበት ውሃ ለጉፒና ለሞሊ ይስማማል፤ ኒዮን ቴትራ ለስላሳ ውሃ ይወዳል። ከጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ደግሞ በጣም ለስላሳ ነው፤ ለብቻው ከተጠቀማችሁበት ፒኤቹ ድንገት ይወርዳል። ከቆርቆሮው ዚንክ ሊይዝ እንደሚችልም አትርሱ።

አዲስ አበባ ደጋ ናት። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ውሃውም የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። ስለዚህ ዓሣ አታብዙ፤ የውሃው ፊት ሁልጊዜ ይንቀሳቀስ። የሌሊቱ ብርድ ለጉፒና ለኒዮን ማሞቂያ ያስፈልገዋል። ጎልድፊሽ ብርድ ይችላል፤ ግን ቆሻሻው ብዙ ነውና በጠባብ ብርጭቆ አታሰቃዩት።

ለወዳጃችሁ ዓሣ ልትሰጡ ካሰባችሁ ደግሞ መጀመሪያ አኳሪየሙን፣ ፊልተሩንና የውሃ መመርመሪያውን ስጡ። ዓሣውን ከስድስት ሳምንት በኋላ ይዛችሁ ሂዱ። ያን ያህል መጠበቅ የከበደው ሰው አበባ ይግዛ።