ስለ አሮጌ ሽጉጥና ስለ መቃናቱ

በብቸናና በሞጣ አገር አሮጌ መሣሪያ ከአባት ወደ ልጅ እንደ ርስት ይተላለፋል፤ እኔም ይህን እያየሁ ታሪኩን መመርመር ከወጣትነቴ ጀምሮ እወዳለሁ። ውጅግራ የምንለው፥ ፈረንሳዮች በ1874 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ያወጡት የግራስ ጠመንጃ ነው። ቦዴዮ የተባለው ባለ ስድስት ጥይት ሽጉጥ ደግሞ የ1889 የኢጣልያ ሥራ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የመከራ ዘመን የጎጃም አርበኞች ብዙ መሣሪያ ከጠላት እጅ ማርከዋል።

የአሮጌ ሽጉጥ ጕድለት ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ጥይት የሚጐርሰው ተሽከርካሪ ክፍል፥ ቃታው ሲሳብ ዞሮ ከአፈሙዙ ቀዳዳ ጋራ ልክ መግጠም ይገባዋል፤ ጥቂት ያዘነበለ እንደ ሆነ ግን እርሳሱ ተልጦ ወደ ጎን ይረጫል። የማነጣጠሪያ ጕድለት ከዚህ ይቀላል፤ ጥይቱ ወደ ቀኝ ቢስት የፊተኛውን ማነጣጠሪያ ወደዚያው ወደ ቀኝ መግፋት ነው። ይህም ለማያውቅ ሰው የተገላቢጦሽ ይመስለዋል።

አንድ የሞጣ ጐልማሳ የአያቱን ሽጉጥ ይዞ መጥቶ «ጋሼ፥ ያቃኑልኝ» አለኝ። «ለምን ሥራ?» ብለው ዝም አለ። ከጎረቤቱ ጋራ የወሰን ጠብ እንዳለበት ሰምቼ ነበርና ዝምታው አላማረኝም። «ልጄ፥ የብረት ጥመት በሞረድ ይቃናል፤ የፈሰሰ ደም ግን አይታፈስም» አልሁት። አዋጅ ቍጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን እንደሚከለክል ነግሬ፥ ነገሩን ለሽማግሌ እንዲሰጥ መክሬ፥ ሳላቃና መለስሁለት። ተቀይሞኝ ሄደ። ከሁለት ቤት ለቅሶ ግን የእርሱ ቅያሜ ይቀለኛል።