«ጥላዎች»፦ የአስመላሹ ቤትና የባለዕዳው ቤት

በሩማንያ ቋንቋ «ሬኩፔራቶር» የሚባል ቃል አለ። ቢተረጐም «አስመላሽ» ማለት ነው። ቃሉ በጆሮ ሲሰማ ሕጋዊ የሆነ የቢሮ ሥራን ቢያስመስልም፥ በቡካሬስት መንደሮች የሚታወቀው ትርጉሙ ሌላ ነው። አስመላሽ ማለት ባለዕዳውን ደጁ ድረስ ሄዶ በማስፈራራት፥ ማስፈራራቱ ካልሠራም በጡጫ፥ የሌላ ሰው ገንዘብ የሚያስከፍል ሰው ነው። ሕግ በማይቀበለው ውል በአራጣ ያበደረ ሰው ተበዳሪውን ችሎት ፊት ሊያቆመው ስለማይችል ክንድ ያስፈልገዋል፤ ያ ክንድ አስመላሹ ነው። ሩማንያ አራጣ አበዳሪነትን የሚከለክል ራሱን የቻለ ሕግ ያወጣችው በ2011 ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕጉ ከወጣ ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በዲሴምበር 2014፥ «ኡምብሬ» ወይም «ጥላዎች» የተሰኘው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ በኤች.ቢ.ኦ. ሩማንያ መታየት ጀመረ። ሁለተኛው ምዕራፍ በ2017፥ ሦስተኛው በ2019 ቀረበ። የድራማው ዋና ገጸ ባሕርይ ሬሉ ኦንቼስኩ ለሚያውቁት ሁሉ ታክሲ ነጂ ነው፤ ለሚስቱ ለጂና ባል፥ ለሁለት ልጆቹ አባት ነው። ቤተሰቡ የማያውቀው ሁለተኛ ሥራው ግን «ሻምበሉ» እየተባለ ለሚጠራ የወሮበሎች አለቃ ገንዘብ ማስመለስ ነው። አንድ ቀን በዚህ ሥራው ላይ ሳለ ሳያስበው የሰው ሕይወት ያጠፋል። ድራማው የሚነሣው ከዚህ ነው። ሁለቱን ኑሮዎች ለያይቶ ያቆመው ግድግዳ ከዚያች ቀን ጀምሮ መሰንጠቅ ይጀምራል።

ይህ ድራማ በሩማንያ የቴሌቪዥን ታሪክ ውስጥ የያዘውን ቦታ ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1970ዎቹ የሩማንያን ሕዝብ ከሲኒማ ቤት ደጃፍ ያሰለፈው የወንጀል ታሪክ የፖሊስ ኮሚሳሮች ታሪክ ነበር። ሰርጂዩ ኒኮላዬስኩ በአዘጋጅነት በሠራቸው «በንጹሕ እጆች» (1972)፥ «የመጨረሻው ጥይት» (1973) እና «ኮሚሳሩ ይከሳል» (1974) በተሰኙት ፊልሞች ተመልካቹ የሚከተለው የፖሊሱን ዐይን ነበር። ወንጀለኛው ከውጭ የሚታይ፥ የሚታደን፥ በመጨረሻም ዋጋውን የሚያገኝ ሰው ነው። ሕግ ፊት አለው፤ ፊቱም የኮሚሳሩ ፊት ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ በ«ጥላዎች» ካሜራው ቦታ ለውጧል፤ አሁን የተቀመጠው ከወንጀለኛው ጎን፥ በታክሲው የፊት ወንበር ላይ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለፈው ዘመን ለዚህ ለውጥ ምክንያቱን ይነግረናል። በዲሴምበር 1989 የቻውሼስኩ አገዛዝ ወደቀ። ፋብሪካዎች ተሸጡ ወይም ተዘጉ፤ ገንዘብ ዋጋ አጣ። ከ1992 እስከ 1994 በክሉዥ ከተማ የተስፋፋው «ካሪታስ» የተባለው የማጭበርበሪያ ድርጅት ያስቀመጡትን ገንዘብ በሦስት ወር ውስጥ ስምንት እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ለሕዝቡ ቃል ገብቶ፥ እጅግ ብዙ ቤተሰቦች ጥሪታቸውን ይዘው ከጎረፉለት በኋላ ፈረሰ። አገሪቱ በጃንዋሪ 1 ቀን 2007 የአውሮፓ ኅብረት አባል ስትሆን፥ ዕዳና ብድር በየቤቱ የገባ ጉዳይ ሆኖ ነበር። እንግዲህ በ2014 የወንጀል ድራማ ሊጽፍ የተነሣ ሩማንያዊ ደራሲ ያን ኮሚሳር ከመቃብር ቢያስነሣው የሚያምነው ተመልካች ባላገኘም ነበር። አስመላሹን ግን ሁሉም ያውቀዋል።

የድራማው የመጀመሪያ ብርቱ ጎን ከዚህ ይመነጫል። ሬሉ በአመፅ የሚደሰት ጨካኝ ሆኖ አልተሣለም፤ ባለማዕርግ ወንጀለኛም አይደለም። ለእርሱ ማስፈራራት የቀን ሥራ ነው። ሥራው ሰዓት አለው፤ አለቃ አለው፤ ድካም አለው፤ የተበላሸ እንደሆነም ተጠያቂነት አለው። ድራማው ወንጀልን ከብርሃንና ከሙዚቃ አውርዶ ከዳቦና ከቤት ወጪ ጎን በማስቀመጡ፥ ተመልካቹ በብዙ የውጭ አገር ድራማዎች የለመደውን የወንበዴ ግርማ ሞገስ አሳጥቶታል። ፈገግታ የሚያጭረው ጥቁር ቀልዱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። አንድ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ሰው አስለቅሶ ማታ ለልጁ ጥሩ ጠባይ ሲያስተምር መታየቱ ያስቃል፤ ሳቁ ግን ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው ብርቱ ጎን በትርጉም ጥበብ ረገድ የሚታይ ነው። የታሪኩ መሠረት ሩማንያዊ አይደለም፤ በ2011 በአውስትራሊያ የታየውና «ትንሹ ወንበዴ» ሊባል የሚችለው ተከታታይ ድራማ ነው። በዚያኛው ዋናው ገጸ ባሕርይ ለቤተሰቡ ምንጣፍ አጣቢ መስሎ የሚኖር ዕዳ አስመላሽ ነው። ኤች.ቢ.ኦ. ሩማንያ ከዚህ ቀደምም «ኢን ዴሪቫ» የተባለውን ድራማ በ2010 ያቀረበው ከእስራኤል ድራማ ወስዶ ስለ ነበር፥ መንገዱ አዲስ አልነበረም። ደራሲው ቦግዳን ሚሪካ፥ ከሞልዶቫ ተወላጁ ከኢጎር ኮቢሊያንስኪ ጋር በአዘጋጅነት የተካፈለበትን ይህን ሥራ ሲያዘጋጅ፥ ምንጣፍ አጣቢውን ታክሲ ነጂ አደረገው። ለውጡ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ሥራውን የሠራው እርሱ ነው። ታክሲ ነጂ በከተማው ማናቸውም ሰፈር፥ በማናቸውም ሰዓት፥ ለምን መጣህ ሳይባል ሊገኝ ይችላል። ሀብታሙንም ድኻውንም ከኋላው አስቀምጦ ይነዳል። በዚህም ምክንያት መላው ቡካሬስት፥ ከሶሻሊስቱ ዘመን የአፓርታማ ሕንፃዎች እስከ አዳዲሶቹ የሀብታም ቪላዎች፥ በአንድ ሰው መስኮት በኩል ለመታየት በቃ። በአማርኛ ቴአትር «ውርስ ትርጉም» የሚባለው ሥራ ሲሳካ የሚሆነው እንዲህ ነው፤ ታሪኩ ከአገሩ ወጥቶ በገባበት አገር ሥር ይሰዳል።

ሦስተኛው ብርቱ ጎን ትወናው ነው። ሬሉን ሆኖ የተጫወተው ሸርባን ፓቭሉ በ2012 በራዱ ዡዴ «የቤተሰባችን ሰው ሁሉ» በተሰኘ ፊልም፥ ልጁን ለዕረፍት ሊወስድ የቀድሞ ሚስቱ ቤት ሄዶ ቀስ በቀስ ራሱን መቆጣጠር የሚያቅተውን አባት ተጫውቶ ነበር። ያን ያየ ተመልካች በሬሉ ፊት ላይ የሚያገኘው ተመሳሳይ ነገር ነው። ቁጣው ጩኸት አይደለም፤ ሊጮኽ የማይችል ሰው ድካም ነው። ፓቭሉ ጀግና አይመስልም። ትከሻው ወደ ፊት ያዘነበለ፥ ዐይኑ ዕንቅልፍ የጠማው፥ በማናቸውም የአውቶቡስ ወረፋ ላይ ሊገኝ የሚችል ሰው ይመስላል። ማሪያ ኦብሬቲንም ጂናን ስትጫወት፥ የተሰጣት ጽሑፍ ከሚፈቅድላት በላይ ሕይወት ዘርታባታለች።

«ጽሑፉ ከሚፈቅድላት በላይ» የሚለው አነጋገር ወደ ድካሙ ጎን ያሸጋግራል። ድራማው የቆመበት ምሰሶ ሬሉ ይህን ሁሉ የሚሠራው ለቤተሰቡ ሲል ነው የሚለው ሐሳብ ነው። ሐሳቡ በሰው ልጅ ዘንድ እውነትነት አለው፤ ብዙ ክፉ ሥራ በልጆች ስም ተሠርቷል። ደራሲው ሐሳቡን ሲመረምረው ድራማው ይጠነክራል፤ ሲያምነው ግን ይዝላል። ባለማወቋ ላይ ታሪኩ የቆመባት ሚስት ለታሪኩ ጥቅም ስትባል ሳታውቅ እንድትቆይ ይደረጋል። ከአንድ ሰው ጋር ዓመታት የኖረች አስተዋይ ሴት ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አለመጠየቋ ራሱን የቻለ ታላቅ ጭብጥ ሊሆን ይችል ነበር። አውቃ ዝም ያለች ሴት ድራማ ናት፤ ደራሲው ሲፈልግ ብቻ የምታውቅ ሴት ግን የትልም መሣሪያ ናት።

ከዚህ የሚከብደው ድካም ሌላ ነው። አስመላሹ የሚያንኳኳው በር ከኋላው ሌላ ወጥ ቤት አለው፤ እዚያም ሚስት አለች፥ ልጆች አሉ፥ ማታ የሚበላ እራት አለ። ባለዕዳውስ የተበደረው ለምን ነበር? ለሕመም ነው፥ ለልጅ ትምህርት፥ ወይስ ለቁማር? አስመላሹ ከሄደ በኋላ በዚያ ቤት ውስጥ ምን ይሆናል? ተከታታይ ድራማ ከፊልም የሚበልጥበት ትልቁ ሀብት ጊዜ ነው። ሆኖም ሦስት ምዕራፍ ያህል ጊዜ የተሰጠው ይህ ድራማ ጊዜውን የሚያውለው በሬሉ መሹለኪያዎች ላይ ነው። የሚደበደቡት ሰዎች ገብተው ይወጣሉ፤ ጥላ የሆኑት እነርሱ ናቸው። ተመልካቹም ሳያስተውለው ጭንቀቱን ሁሉ ለደብዳቢው ይሰጣል፤ «እንዳይያዝ» እያለ ይሰጋል። ይህ ስጋት የደራሲውን ችሎታ ያስመሰክራል፤ ነገር ግን ድራማው ይህን ስጋት ለተመልካቹ መልሶ አያሳየውም፥ «ለማን ስትል ሰጋህ?» ብሎ አይጠይቀውም።

ጥያቄው ከሥራው ተፈጥሮ ውጭ የመጣ እንዳይመስል፥ ሌሎች የሩማንያ አርቲስቶች ያደረጉትን ማስታወስ ይበቃል። ክሪስቲ ፑዩ በ2001 በሠራው «ዕቃውና ገንዘቡ» በተባለው ፊልም፥ ቤተሰቡ ከመኖሪያ ቤቱ ውስጥ ትንሽ ሱቅ የሚነግድ ወጣት ለአንድ አጠራጣሪ ሰው ሻንጣ ከኮንስታንሳ ወደ ቡካሬስት ያደርሳል። ፊልሙ ሰው ወደ ወንጀል የሚገባባትን የመጀመሪያዋን ቀን፥ ትንሿን «እሺ» ያሳያል። «ጥላዎች» የሚጀምረው ግን ያ «እሺ» ከተባለ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ምርጫው ከተመልካቹ ዐይን ተሰውሯል። ኮርኔሊዩ ፖሩምቦዩም በ2009 «ፖሊስ፥ ቅጽል» በተሰኘ ፊልሙ፥ ቫስሉይ በተባለች ከተማ ሐሺሽ ያጨሰ ልጅ ማሰር የከበደውን አንድ ወጣት ፖሊስ አሳይቷል። አለቃው መዝገበ ቃላት አስመጥቶ «ሕሊና» የሚለውን ቃል ትርጉም ያስነብበዋል። በዚያ ፊልም ውስጥ ጥይት አይተኮስም፤ ይሁን እንጂ ጭንቀቱ ሁሉ ያረፈው ፖሊሱ በሚያደርገው ነገር ሕይወቱ በሚበላሽበት በሌላው ሰው ላይ ነው። «ጥላዎች» የጎደለው ይህ ነው። ሬሉ ስለ ልጆቹ ይጨነቃል፤ ስለ ሌላው ሰው ልጆች የሚጨነቅበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው።

በሦስተኛ ደረጃ የሚጠቀሰው ድካም ከተከታታይ ድራማ ኤኮኖሚ የሚመጣ ነው። አዲስ ምዕራፍ ሲታዘዝ ጡዘቱ ከቀደመው መብለጥ አለበት ተብሎ ይታሰባል። አደጋው ይበዛል፥ ጠላቱ ይበረታል፥ አጋጣሚው ይደራረባል። ነገር ግን የመጀመሪያው ምዕራፍ ኃይል የነበረው በትንሽነቱ ነበር። ከታክሲ ነጂው ትንሽ ውሸት የተነሣ ታሪክ በሰፋ ቁጥር፥ ሬሉ ማንም ሊያውቀው ከሚችለው ጎረቤት ይልቅ ተመልካች ወደ ለመደው የወንበዴዎች ጦርነት ሰው እየቀረበ ይሄዳል። ገጸ ባሕርይውን ከሌላ አገር የወሰዱት ሰዎች አገር ሰጥተውት ነበር፤ ትልሙ ሲያብጥ አገሩን መልሶ ያሳጣዋል።

ይህ ሁሉ ሲደመር «ጥላዎች» የተናቀ ሥራ ነው አያሰኝም። በአነስተኛ ገበያ፥ በራስ ቋንቋ፥ በራስ ተዋንያን፥ የራስን ከተማ ሳያቆነጁ በማሳየት ረገድ በምሥራቅ አውሮፓ የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ ፈር ከቀደዱት አንዱ ነው። ኤች.ቢ.ኦ.ን የያዘው ኩባንያ በ2022 በመካከለኛው አውሮፓ አዳዲስ የራሱን ድራማዎች መሥራት እንደሚያቆም ባስታወቀ ጊዜ፥ ሩማንያ ያጣችው የገንዘብ ምንጭ ብቻ አልነበረም፤ ጸሐፊዎችና አዘጋጆች ረጅም ታሪክ መምራትን የተማሩበትም ቦታ ነበር። ትምህርቱ ግን ከሰዎቹ ጋር ቀርቷል።

ከእንግዲህ በዚያ ምድር ስለ አስመላሽ የሚጽፍ ደራሲ ቢነሣ፥ በታክሲው የፊት ወንበር ላይ የሚቀመጠውን ሰው ማሳየት እንዴት እንደሚቻል የሚማርበት ሥራ ከፊቱ አለ። የሚቀረው ሬሉ አንኳኩቶ ገንዘቡን ይዞ ከወጣ በኋላ ካሜራውን እዚያው ቤት ውስጥ ማቆየት ነው። በሩ ይዘጋል፤ የአስመላሹ የጫማ ድምፅ ከደረጃው ላይ ይርቃል፤ ከዚያም ባለዕዳው ወደ ልጆቹ ዞሮ የሚናገረው ቃል ይሰማል። ያን ቃል የሚጽፍ ሰው የ«ጥላዎች»ን ሌላኛውን ግማሽ ይጽፋል።