የፈሪዎች መንጋ

ፒራንሃን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ሸዋ ሮቢት፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። በ2003 ዓ.ም. ይመስለኛል። ክፍሉ ቆርቆሮ ነው፣ ሙቀቱ አይጣል፣ ፊልሙ ትርጉም የለውም። ትርጉም ግን አላስፈለገንም። ሐይቅ ዳር የሚጨፍሩ ወጣቶችን የዓሣ መንጋ አጥንታቸው እስኪቀር ሲግጣቸው አየን። አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ ግማሹን ፊልም ያየው በጣቶቹ መሃል አሾልኮ ነው። እኔም ከሱ አልሻልም ነበር።

በማግስቱ እንደ ልማዳችን ሮቢ ወንዝ ወረድን። በበጋ ውሃው ሲያንስ እዚህም እዚያም ኩሬ ይሠራል። እግራችንን ስንነክር ትንንሽ ዓሣዎች መጥተው ይነካኩናል፤ ስለሚኮረኩረን ሁሌም እንስቅ ነበር። ያን ቀን ግን አንዱ "ፒራንሃ!" ብሎ ሲጮህ ሁላችንም ተንጫጭተን ወጣን። ጓደኛዬ አንድ እግር ጫማውን እዚያው ጥሎ ሮጠ።

ዓሣው የትናንቱ ዓሣ ነው፣ ውሃውም የትናንቱ ውሃ ነው። የተለወጠው ነገር ቢኖር በመሃል ፊልም ማየታችን ነው። በአዋሽ ተፋሰስ ወንዞች ጋራ የሚባል የዓሣ ወገን አለ፤ አፉ ወደ ሥር የዞረ፣ ከድንጋይ ላይ አረንጓዴውን አልጌ እየፋቀ የሚበላ። እግራችንን ሲነካካ የነበረው እሱ ሳይሆን አይቀርም። የፒራንሃ የሩቅ ዘመድ ከተፈለገ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ በባሮ፣ በኦሞና በጫሞ ሐይቅ የሚኖረውና ፈረንጆች "ነብር ዓሣ" የሚሉት ባለ ረጃጅም ጥርሱ ዓሣ ነው።

ይሄን ሁሉ የማወቅ ምክንያት ያገኘሁት ዘንድሮ ነው። ጀርመን የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ሁለት ቀይ ሆድ ፒራንሃ ገዛ። ያን ጊዜ ቪዲዮ ቤት ይዞን የገባው እሱ ነው፤ ምናልባት በልጅነቱ ያስፈራውን ነገር መስታወት ውስጥ ማስገባት ፈልጎ ይሆናል። እኔ አዲስ አበባ ሶፍትዌር እሠራለሁ። "ሥራ ላይ ሆኜ የውሃውን ሙቀት የሚነግረኝ፣ ዓሣዎቹንም በካሜራ የሚከታተል ነገር ሥራልኝ" አለኝ። ሠራሁለት። ሙቀቱ ከ26 ዲግሪ ከወረደ ወይም ለረጅም ሰዓት እንቅስቃሴ ካልታየ ስልካችን ላይ መልእክት ይመጣል።

በመጀመሪያው ሌሊት ብቻ አሥራ አንድ መልእክት መጣ። "እንቅስቃሴ የለም።" ኮዴ ተበላሽቶ ነው ብዬ እስኪነጋ ስፈትሽ አደርኩ። ኮዱ ምንም አልሆነም። ዓሣዎቹ እንጨት ሥር ተደብቀው ነው። የአጎቴ ልጅ መብራት ሲያበራ ይደነግጣሉ። መጥረጊያ ይዞ ሲያልፍ ጥግ ይለጠፋሉ። ምግብ ሲጥልላቸው እሱ ከክፍሉ እስኪወጣ ይጠብቃሉ። "እኔ ጭራቅ ገዛሁ ብዬ ዶሮ ነው እንዴ የገዛሁት?" አለኝ ተናዶ።

ከዚያ ማንበብ ጀመርን። ለፒራንሃ ስሙን ካወጡለት ሰዎች አንዱ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 ባሳተመው የብራዚል የጉዞ መጽሐፉ ከዓለም ዓሣ ሁሉ እንደሱ ጨካኝ የለም ብሎ ጻፈ። ፊልሞቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። እውነቱ ግን ፒራንሃ የሞተ ዓሣም፣ የሌላ ዓሣ ክንፍና ቅርፊትም፣ ፍሬም ይበላል። ሰው አይነክስም ማለት አይደለም። ብራዚል ውስጥ ወንዝ ተገድቦ ውሃው ሲረጋ ፒራንሃዎች ዳር ዳር እንቁላል ይጥላሉ፤ የሚዋኝ ሰው ሲጠጋቸው ይነክሳሉ። አብዛኛውን ጊዜ ንክሻው አንድ ነው፣ እግር ላይ። እንቁላላቸውን ሲጠብቁ ነው።

እኔን ቁጭ ያደረገኝ ግን የመንጋው ነገር ነው። ፒራንሃ በመንጋ የሚሄደው ለማደን ነው ይባል ነበር። አን ማጉራንና ሄልደር ኬይሮዝ የተባሉ ተመራማሪዎች አማዞን ውስጥ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ሌላ ነገር ይላል። ፒራንሃን ዶልፊን ይበላዋል፣ አዞ መሰሉ ካይማን ይበላዋል፣ ወፍ ይበላዋል፣ ትልልቅ ዓሣ ይበላዋል። በመንጋ የሚሄደው እንዳይበላ ነው። ሁለት ብቻ ሲሆኑ ትንፋሻቸው ይፈጥናል፤ ስምንት ሲሆኑ ይረጋጋል።

የአጎቴ ልጅ ስድስት ጨመረ። ገና ትንንሾች ስለሆኑ፣ የአንዷ ክንፍ ትንሽ ከመቦጨቁ በቀር፣ ተስማሙ። በሳምንቱ መልእክቱ ቀረ። በካሜራ ሳያቸው መሃል ላይ ተሰብስበው ቀስ እያሉ ይዋኛሉ። ስለ ፒራንሃ ምንም የማያውቅ ሰው ያን መንጋ ቢያይ ጦር ነው የሚመስለው።

አንድ ሌሊት ይሄን እያየሁ ጫማውን ጥሎ የሮጠው ጓደኛዬ ትዝ አለኝ።

ቤተሰቦቹ ሰንበቴ ናቸው፤ እሱ ሮቢት ዘመድ ቤት ሆኖ ነው የተማረው። እስከ አሥረኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እኛ ቤት በልቶ አድጓል፤ እናቴን "እማዬ" ነው የሚላት። ይፋት እንዲህ ነው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው አንድ ገበያ ወጥቶ ማሾና ሽንኩርት ሲገበያይ የኖረበት ቆላ። በሚያዝያ 2013 አጣዬ ስትቃጠል እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። ስልኬ ላይ የማይለጠፍ ነገር አልነበረም። "እነሱ ተሰብስበዋል።" "እነሱ እየመጡ ነው።" በዚያ ሳምንት ጓደኛዬ ሁለት ጊዜ ደወለ። ስሙን እያየሁ አላነሳሁም። ከዚያ "እማዬ ደህና ናት ወይ?" ብሎ ጻፈ። አነበብኩት። አልመለስኩም።

ምን አድርጎኝ ነው? ምንም። ስክሪን ላይ ያየሁትን መንጋ እሱ ላይ ለጠፍኩበት።

ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሮቢት ራሷ ሲገባ እናቴ ተሰደደች፣ ተመለሰች፣ ተረፈች። እሱ በዚያ ጊዜ የት እንደነበረ አልጠየቅኩም። ዓመታት አለፉ።

ይሄን የምጽፈው ሰው ዓሣ ነው ለማለት አይደለም። የሞተው ሰው እውነት ሞቷል፣ የተቃጠለው ቤት እውነት ተቃጥሏል፣ ያቃጠለውም ሰው ነው፤ "ፈርቶ ነው" ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የራሴን ብቻ ነው የምናገረው። እኔ ቤት አላቃጠልኩም። ስልክ ነው ያላነሳሁት።

ባለፈው ወር ደወልኩለት። ቁጥሩን አልቀየረም። ሰላምታው ከረዘመ በኋላ ስለዚያ ሳምንት ጠየቅኩት። "አባቴና የሰፈሩ ወንዶች ዱላ ይዘው ውጭ ነበር የሚያድሩት" አለኝ። "ሊመጡብን ነው ተብሎ።"

ዝም አልኩ። የእኛ ሰፈር ወንዶችም ዱላ ይዘው ውጭ ነበር የሚያድሩት። እናቴ በስልክ የነገረችኝ ቃል አንድ ነው፤ "ሊመጡብን ነው ተብሎ።"

ይቅርታ አልኩት። ስላላነሳሁት፣ ስላልመለስኩለት። ቶሎ "ምንም አይደል" አላለኝም፤ ለዚያም አመሰገንኩት በሆዴ። ቆይቶ፣ "እኔም ሦስተኛ አልደወልኩም። ብታነሳው ምን ትለኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ" አለ።

ስለ ዓሣዎቹ ነገርኩት። ጮክ ብሎ ሳቀና፣ "ስለዚህ ጫማዬን በነጻ ነው የጣልኩት በለኛ!" አለ። ከዚያ፣ "መንገዱ ሰላም ሲሆን እሁድ ና፣ የገበያ ቀን ነው። እማዬን ይዘሃት ና" አለኝ።

ለእናቴ ነገርኳት። "መቼ ነው?" ነው ያለችው። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።