በበሬሳ ወንዝ ዳር ስለ ተቈረጠው ባሕር ዛፍ

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ደብረ ብርሃን የገባ ሰው አስቀድሞ የሚቀበለው ብርዱ ነው፤ ቀጥሎም የባሕር ዛፉ ሽታ። በዚያ የሚያልፈው በሬሳ የተባለው ወንዝ ወደ ጀማ ይወርዳል፤ ጀማም ከዓባይ ይገባል። ባለፈው ጥር ወር ከፍርድ ቤቱ የዐሥር ቀን ፈቃድ ተቀብዬ፥ በዚሁ ወንዝ ዳር ወዳለው ወደ እናቴ ቤት ሄድሁ።

የሄድሁበት ምክንያት የቤተ ሰብ ጉዳይ ነበር። አባታችን፥ ነፍሳቸውን ይማርና፥ በወንዙ አፋፍ የተከሉት ባሕር ዛፍ ካደገ ወዲህ፥ በአጠገቡ የነበረችው ምንጭ ከዓመት ወደ ዓመት እየቀጠነች ሄዳ በበጋ እስከ መጥፋት ደረሰች። እናታችን ዛፉ ይቈረጥ ይላሉ፤ መሬቱን የያዘው ታናሽ ወንድሜ ግን እንቢ አለ። «ጋሼ፥ ለአንተ ደመወዝህ በየወሩ ይመጣልሃል፤ የእኔ ደመወዝ ግን ይህ የቆመው ነው» ቢለኝ መልስ አጣሁ። የሰውን ክርክር ስጽፍ የኖርሁ ሰው፥ በእናቴና በወንድሜ መካከል ስቀመጥ ብዕሬ አልረዳኝም።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። በአፄ ምኒልክ ዘመን በማገዶ እጦት መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር፤ አዲስ አበባን በስፍራዋ ያጸናት በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከአውስትራልያ የመጣው ይኸው ባሕር ዛፍ ነው። ዳሩ ግን ውሃ ያደርቃል ተብሎ፥ በ1905 ዓ.ም. ገደማ ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ እንዲነቀል ታዘዘ፤ ትእዛዙም ሳይፈጸም ቀረ። ማገዶና ማገር የሚሻ ሰው ዛፉን እንዴት ይንቀል? ወንድሜን የሚወቅስ ሰው ቢኖር ይህን ያስብለት።

ነገሩን የፈረዱት እናታችን ናቸው። «የዳገቱን ይያዝ፤ የውሃውን ዳር ግን ይልቀቅ። የጎረቤት ልጆች ጀሪካን ተሸክመው በደጄ ሲያልፉ እያየሁ አልሞትም» አሉ። ወንድሜም ዝም ብሎ መጥረቢያውን አነሣ።

ሥራው አራት ቀን ፈጀ። እያንዳንዱ ዛፍ ወደ ውሃው እንዳይወድቅ በገመድ ወደ ሜዳው ይሳባል፤ ወደ ወንዙ የገባውም ቅርንጫፍ ሁሉ ይወጣል፤ ይህ ባይደረግ በክረምት ጎርፉ ግንዱን ሰብስቦ ወንዙን ይገድበዋል፤ ውሃውም መንገድ ሲያጣ ዳሩን ይበላዋል። እኔ ደግሞ ከተማ የተማርሁትን ላሳይ ብዬ፥ ጕቶው ሁሉ ከነሥሩ ይነቀል አልሁ። አንድ ሽማግሌ እንጨት ቈራጭ ሣቁብኝ። «ጕቶውን ነቅለህ አፈሩን ማን ይያዝልህ?» አሉኝ። እውነትም የአፋፉን አፈር የያዘው ያ ሥር ነበር። ስለዚህ ጕቶው ተተወ፤ ነገር ግን ባሕር ዛፍ ከጕቶው እንደ ገና ያቈጠቍጣልና፥ ቡቃያውን በየጊዜው መቅጨት የወንድሜ ድርሻ ሆነ።

በባሕር ዛፉ መካከል ተጨቍና የኖረች አንዲት አሃያ ነበረች፤ መጥረቢያ ሳይነካት ቀረች። ከእርስዋም ቅርንጫፍ እየቈረጥን ከእርጥቡ አፈር ላይ ተከልን፤ አሃያ እንዲህ ሲተክሏት ሥር ትሰድዳለችና።

የተመለስሁበት ቀን ምንጪቱ ገና አልፈለቀችም ነበር። እናታችን ግን ማለዳ ወርደው፥ በአፍዋ የተከማቸውን ቅጠል በእጃቸው ሲጠርጉ አየኋቸው። ወንድሜም ከበላይ ሆኖ ለሽያጭ የተከመረውን አጠና ይቈጥር ነበር።