ፓስታው አለ፣ ቆጮውስ?

ግሪኮች ፓስቲሲዮ የሚሉት ምግብ አላቸው። ቱቦ ቱቦ የሚመስለው ፓስታ ከታች ይነጠፋል፤ በቲማቲም የበሰለ የተፈጨ ሥጋ ይከተላል፤ ከወተት፣ ከቅቤና ከዱቄት የተሠራ ወፍራም ነጭ ስጎ ከላይ ፈሶበት ፉርኖ ውስጥ ይጋገራል።

ስሙ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ነጩን ስጎ ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ኒኮላዎስ ጼሌሜንቴስ የተባለው ግሪካዊ ሼፍ ከፈረንሳይ ሙያ ወስዶ እንደጨመረበት ይነገራል። ዛሬ ግን ፓስቲሲዮ የግሪክ ምግብ ነው፤ ማንም አይከራከርም።

እኛም ፓስታን ተቀብለናል። ወራሪው ጣሊያን በ1933 ዓ.ም ተሸንፎ ሲወጣ ፓስታው ቀረ። በርበሬ ጨመርንበት፣ የጾም አደረግነው፣ በእንጀራም ጠቀለልነው። ይህ የሚያሳፍር አይደለም።

ጥያቄው ሌላ ነው። ቦንጋ ከ2014 ዓ.ም ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ናት። ለስብሰባም ሆነ የቡናውን ጫካ ለማየት እንግዳ ይመጣል። ሆቴል ሲገባ ፓስታ እንደማያጣ እርግጠኛ ነው። ቆጮስ?

የካፋ ገበሬ ጓሮ ያለ እንሰት አይሆንም። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ድርቅን ይችላል። የሚፍቁትና ጉድጓድ ውስጥ የሚያብላሉት ሴቶች ናቸው። ሆቴሎች ቆጮን በቋሚነት ቢገዙ ገንዘቡ በቀጥታ ወደ እነዚህ ሴቶች ይሄዳል።

"የቤት ምግብ ነው፣ ለእንግዳ አይሆንም" የሚለው አባባል ግን በሩን ይዘጋል። ፓስቲሲዮም እኮ የቤት ምግብ ነው። ግሪኮች አላፈሩበትም፤ ሜኑ ላይ ጻፉት፣ ዋጋ አወጡለት። የቦንጋ ሆቴሎችም ከፓስታው በላይ አንድ መስመር ይጨምሩ።